የተረፈችው ሴል

ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ እምብዛም የማትበልጥ ክብ ጣሳ ናት። ቤቱን ሊመረምር የመጣው ሰው ክዳኗን ከፈተና አክስቴ ጥጥ ሲፈትሉ ከሚቀመጡባት በርጩማ ላይ አኖራት። “እማማ፣ ለሦስት ቀን እንዳትነካ። መስኮቱም አይከፈት፤ በሩንም ሲገቡና ሲወጡ ብቻ ነው የሚከፍቱት” አለ። አክስቴ ጣሳዋን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

“ልጄ፣ ይቺ ምን ትጠብቃለች?”

ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ ወለሉ ጠቆመ። “ከታች የሚመጣውን።”

ቀኑ ቅዳሜ፣ ቦታው ከዋሽንግተን ወጣ ብላ የምትገኘው የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤቱን ሊሸጥ አስቧል። ከተማዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ራዶን የተባለው ከመሬት የሚወጣ ጋዝ እንዲመረመርበት በሕግ ያስገድዳል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚመረመረው ሰው የሚኖርበት ዝቅተኛው ወለል ነው። በዚህ ቤት እሱ ማለት ቤዝመንቱ ነው፤ ቤዝመንቱ ማለት ደግሞ አክስቴ ናቸው። ከደሴ እንዝርታቸውን ሳይቀር ይዘው ከመጡ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተኙት፣ የጸለዩት፣ ቡና ያፈሉት እዚያው ነው። ስንቶቻችን የአሜሪካን ኑሮ ከቤዝመንት ጀምረናል! ኪራዩ ቀለል ይላል፤ መግቢያው ለብቻ ነው፤ በሙቀት ወራት ይቀዘቅዛል። መሬቱ ግን ቅርብ ነው።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ 5.4 ፒኮኩሪ በሊትር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቤቱ እንዲስተካከል የሚመክረው 4 እና ከዚያ በላይ ሲገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው፤ በሜትር ኪዩብ 100 ቤከረል፣ በአሜሪካኖቹ መለኪያ 2.7 ገደማ። አክስቴ ቁጥሩን ሲሰሙ “ዕጣን ቢጤስበትስ?” አሉ። ዕጣን እንደማያባርረው ነገርናቸው። “ታዲያ ሽታው የታለ?” ይህኛው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

በአገራችን ልጅ ሲዳር ሰባት ቤት ይቆጠራል። የራዶንንም ዘር ብንቆጥር እሱን ራሱን ሰባተኛው ቤት ላይ እናገኘዋለን። የዘሩ ምንጭ ዩራኒየም 238 ነው፤ ምድር ስትፈጠር አብሮ የነበረ፣ ግማሹ እስኪለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሚፈጅበት። እሱ ቶሪየምን ይወልዳል፤ ቶሪየም ፕሮታክቲኒየምን፤ ፕሮታክቲኒየም ሌላ ዓይነት ዩራኒየምን፤ ያ ዩራኒየም ሌላ ዓይነት ቶሪየምን፤ ያ ቶሪየም ራዲየምን፤ ራዲየም ራዶንን። ስድስቱ ቤት ጠጣር ነው፤ በተወለደበት ድንጋይና አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ሰባተኛው ብቻ ጋዝ ሆኖ ይወለድና ድንጋዩን ጥሎ በአፈሩ ቀዳዳ ይሄዳል። ግማሹ በ3.8 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ ይህ ዕድሜ ግን ከቤት ሥር ተነስቶ በኮንክሪት ስንጥቅ፣ በቧንቧ ዙሪያ በቀረ ክፍተት ወደ ክፍል ለመግባት ይበቃዋል። በብርድ ወራት ቤቱ ራሱ ያግዘዋል፤ የሞቀው አየር በላይ በኩል ሲወጣ ቤቱ የጎደለውን ከሥሩ ካለው አፈር ይስባል።

5.4 ፒኮኩሪ በሊትር ሲመነዘር በሜትር ኪዩብ 200 ቤከረል ይሆናል። ይህም በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ በየሰከንዱ 200 የራዶን አቶሞች ይፈነዳሉ ማለት ነው። የአክስቴ ክፍል 40 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 8,000። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል በአንድ ጊዜ ያለው ራዶን ሁሉ ተለቅሞ ቢቆጠር 4 ቢሊዮን አቶም አይሞላም፤ ቢመዘንም ከግራም ሁለት ትሪሊዮንኛ ያንሳል። ራዶን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር መዋሃድ የማይወድ፣ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ጋዝ ነው። የሚሸት ቢሆን እንኳ ይህችን ታህል ቅንጣት የትኛውም አፍንጫ አይደርስባትም ነበር። ጣሳዋ ያስፈለገችው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጋዙ ራሱ ያን ያህል አይጎዳም። ተነፈስነው፣ አስወጣነው፣ አለቀ። የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው። ራዶን ሲፈነዳ ፖሎኒየም 218 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ እንደገና ጠጣር ነው። ከአቧራ ላይ ይለጠፋል ወይም ብቻውን ይንሳፈፋል፤ ሲተነፈስም በአየር ቧንቧ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ግማሽ ዕድሜው ሦስት ደቂቃ ነው። አልፋ የተባለውን ቅንጣት ይተኩስና እርሳስ ይሆናል፤ የእርሳሱ ግማሽ ዕድሜ 27 ደቂቃ ነው፤ ከእርሳስ ቢስመዝ ይመጣል፣ 20 ደቂቃ ገደማ፤ ከቢስመዝ ፖሎኒየም 214። ይህ የመጨረሻው ከሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሌላ አልፋ ይተኩሳል። ሳንባ የገባበትን ቆሻሻ በአክታ ጠርጎ ለማውጣት ሰዓታት ይፈልጋል፤ እነዚህ ሰዓታት አይሰጡትም። በማዕድን ሠራተኞች ሳንባ ላይ የጨረራውን ዋና ድርሻ የሚያደርሱት ልጆቹ መሆናቸውን አሜሪካዊው ዊልያም ቤል ያሳየው በ1951 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ጋዙን ሲከሱ ነበር።

አልፋ ቅንጣት ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ የታሰሩበት ነው። በሰከንድ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወረወራል፤ ግን ሩቅ አይሄድም። በአየር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ሄዶ ይቆማል። ወረቀት ያስቆመዋል፤ የቆዳችን የላይኛው ሙት ሽፋንም ያስቆመዋል። በሥጋ ውስጥ የሚጓዘው ከሚሊሜትር አሥረኛ ያነሰ ነው። ከውጭ ሲመጣ እዚህ ግባ የማይባል ጠላት ነው። የአየር ቧንቧ ግን የሞተ ቆዳ የለውም። ሽፋኑ ስስ ነው፤ እየተከፈሉ ሽፋኑን የሚያድሱት ሴሎች ያሉትም አልፋው ከሚደርስበት ርቀት ውስጥ ነው።

አክስቴ እንዝርቱን ሲያሾሩ እያየሁ ነው ቀሪው የገባኝ። ዲኤንኤ የተገመደ ፈትል ነው፤ ሁለት ክር እርስ በርሱ የተጠመጠመበት። በአንዲት ሴል አስኳል ውስጥ ያለው ሁሉ ተፈትቶ ቢቀጣጠል ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አስኳሉ ግን ስፋቱ ከሚሊሜትር መቶኛ አይበልጥም። ልቃቂት ማለት ይህ ነው። የፈትሉ ውፍረት ሁለት ናኖሜትር ነው። ኤክስሬይ በዚህ ልቃቂት ውስጥ ሲያልፍ እዚህም እዚያም አራርቆ ይነካል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ክር አንዱን ብቻ። አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላው ንድፉን ይዞ ይቆያል፤ ጠጋኞቹ ኢንዛይሞች እሱን እያዩ የጎደለውን ይሞላሉ። ሰውነታችን ይህን ሥራ ያውቅበታል። ጨረራ ሳይነካን እንኳ፣ ሴሉ በሕይወት በመኖሩ ብቻ፣ እንዲህ ያለ ጥገና በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ በየቀኑ ብዙ ሺህ ጊዜ ይካሄዳል።

አልፋ አራርቆ መንካት አያውቅም። በመንገዱ ካሉት ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን እየነጠቀ ሲያልፍ፣ በአንዱ ንጥቂያና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ከፈትሉ ውፍረት ጋር ይቀራረባል። አንዱን ክር የመታ ሌላውንም እዚያው አጠገቡ ይመታል። በፈትሉ ዙሪያ ያለው ውሃ ሳይቀር ይሰበርና እንደ አሲድ የሚበሉ ቁርጥራጮች ይረጫል። ቅንጣቱ አስኳሉን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ይበቃዋል። ትቶት የሚሄደው ግን ሁለቱም ክር የተበጠሰበት፣ የተበጠሰበትም ዙሪያ የተቦጫጨቀ፣ አንድ ስፍራ ላይ የተከማቸ ጉዳት ነው። ጠጋኞቹ የሚያዩት ንድፍ የለም።

“አክስቴ፣ ክሩ ሲበጠስብዎ ምን ያደርጋሉ?” አልኳቸው።

“እቀጥለዋለሁ።”

“ብዙ ቦታ ቢበጠስስ? ጫፉ ሁሉ ቢደባለቅ?”

“ያገኘሁትን ጫፍ ካገኘሁት ጫፍ ጋር እቋጥራለኋ! ምን ላድርግ?”

ሴልም የምታደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ጥንቁቅ የጥገና መንገድ አላት፤ ጤነኛ ቅጂ ፈልጋ ከእሱ መገልበጥ። ይህ የሚሆንላት ግን ለመከፈል ስትዘጋጅ፣ ዲኤንኤዋን ከደገመች በኋላ ነው። በቀረው ጊዜ ሁሉ ጫፍ ከጫፍ ትቋጥራለች። ቋጠሮ ደግሞ ክር ይበላል። የተቦጫጨቀው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ አንዳንዴ ጥቂት ፊደል፣ አንዳንዴ በሺህ የሚቆጠር፣ አንዳንዴ አንድ ጂን እንዳለ። ሲብስም የአንዱ ክሮሞዞም ጫፍ ከሌላው ክሮሞዞም ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ይህ ከአንድ ጥጥ ያልወጣ ፈትል ተቀጥሎ እንደመሸመን ነው። ሚውቴሽን የምንለው እንዲህ ያለውን የቀረ ስህተት ነው። በላቦራቶሪ በአልፋ በተመቱ ሴሎች ላይ በብዛት የሚታየው የአንድ ፊደል መለወጥ ሳይሆን የትልልቅ ክፍሎች መጥፋት ነው። ከላይ የተባለው የተከማቸ ጉዳት የሚተወው ፋና ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሴሏ ዕጣ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ በደንብ ትጠገናለች። ወይ ጉዳቱ ይበዛባትና ራሷን ታጠፋለች፤ ጎረቤቶቿ ያነሷታል፤ እኛም ሳናውቅ ይታለፋል። ወይ ደግሞ የተሳሳተ ቋጠሮዋን እንደያዘች ትተርፋለች። ስለ ጨረራ ስንሰማ የምንፈራው መቃጠልን፣ መሞትን ነው። በራዶን ጉዳይ የሞተችው ሴል ዕዳ የለባትም። የሚያሳስበው የተረፈችው ናት።

ይህን በግልጽ ያሳየው ሙከራ የተሠራው በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ውጤቱም በ1997 ታተመ። ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች ሴሎችን በአልፋ ሲመቱ እንደ ዝናብ አርከፍክፈው ነበር፤ የትኛዋ ሴል ስንት ጊዜ እንደተመታች ማንም አያውቅም። ቶም ሄይና ባልደረቦቹ ግን ጨረሩን እንደ መርፌ አቀጥነው፣ በማይክሮስኮፕ እያነጣጠሩ፣ በእያንዳንዷ ሴል አስኳል ላይ አንድ አልፋ ብቻ ሰደዱ። ከአንድ ምት በኋላ ከመቶዋ ሴል 80 የሚሆኑት ተረፉ። ከተረፉት 100,000 ሴሎች ውስጥ ግን በምቱ ምክንያት ሚውቴሽን የተገኘባቸው በአማካይ 110 ነበሩ። አንድ አልፋ ለመግደል ደካማ፣ ለማበላሸት ግን ብርቱ ነው።

ይህ የላቦራቶሪ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ተራ በሆነ ቤት ውስጥ፣ በዕድሜ ዘመን ሙሉ፣ አብዛኞቹ የአየር ቧንቧ ሴሎች በአልፋ አይመቱም፤ ከሚመቱትም ብዙዎቹ የሚመቱት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ራዶን ሲነሳ “አንድ አልፋ ምን ያደርጋል?” ማለት ጥያቄውን ሙሉውን መጠየቅ ነው። መጠኑ ሲጨምር የሚጨምረው በአንዲት ሴል ላይ የሚወርደው ዱላ ሳይሆን የሚመቱት ሴሎች ብዛት ነው። ትንሽ መጠን ምንም አያደርግም ለማለት የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1992 ደግሞ ሃርቫርድ ውስጥ ናጋሳዋና ሊትል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። ከሴሎቹ አስኳላቸው በአልፋ የተመታባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ የክሮሞዞም ለውጥ የታየው ግን በ30 በመቶዎቹ ላይ ነው። የተመታችው ሴል ላልተመቱት ጎረቤቶቿ በኬሚካል ምልክት ወሬ ታደርሳለች ማለት ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሳይንቲስቶች በአልፋ ከተመቱ በኋላ የተረፉ የደም ግንደ ሴሎች ዘሮች ውስጥ፣ ብዙ ትውልድ ቆይቶ፣ አዳዲስ የክሮሞዞም ስብራት እንደሚፈጠር አሳዩ። ያልተመታች የልጅ ልጅ ከአያቷ የመሰባበር ጠባይን ስትወርስ ማለት ነው።

ሚውቴሽን ሁሉ ካንሰር አይሆንም፤ አብዛኛው ምንም አይሆንም። ካንሰር የሚሆነው የተበላሸው ጂን ሴሏን “ክፈይ” ወይም “ቁሚ” የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ከሆነ፣ እሱም አንድ ብቻ ሳይሆን በርከት ብሎ በአንዲት ሴል ዘር ላይ ሲጠራቀም ነው። ከሁሉ የታወቀው ጂን ቲፒ53 ይባላል። ዲኤንኤው ሲበጠስ ሴሏን አስቁሞ የሚያስጠግን፣ የማይጠገን ሲሆን ደግሞ እንድትሞት የሚያዝዝ ነው። እሱ የጠፋባት ሴል ተበጣጥሳም ትከፈላለች። በመጀመሪያው ምትና በዕጢው መካከል አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

አክስቴ አንገታቸው ላይ ከእናታቸው የወረሱት ጠገራ ብር አለ፤ 1780 የሚል የተቀረጸበት፣ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በገበያችን ሲዞር የኖረው ይህ ገንዘብ በፈረንጆቹ አፍ “ታለር” ይባላል። ስሙ የመጣው ዛሬ በቼክ ግዛት ካለች ዮአኪምስታል ከምትባል ሸለቆ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብር ተቆፍሮባት ሳንቲም ተመታባት፤ ሳንቲሙ በሸለቆዋ ስም ተጠራ፤ ስሙ አጥሮ ታለር ሆነ፤ ዶላር የሚለውም ቃል ከዚያው ወጣ። የአክስቴ ብር ከዚያ ጉድጓድ ወጣ ማለቴ አይደለም። ስሙ ግን ከዚያ ወጥቷል። ከዚያ ጉድጓድ ደግሞ ሌላም ነገር ይወጣ ነበር።

በዮአኪምስታልና ከተራራው ወዲያ በጀርመን በኩል ባለችው ሽኔበርግ የሚቆፍሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው እየሳሉ፣ እየከሱ ይሞቱ ነበር። “የተራራ በሽታ” ይሉታል። በዮአኪምስታል ሐኪም የነበረው ጌኦርግ አግሪኮላ፣ ከሞተ በኋላ በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች ባለው የማዕድን አገር ሰባት ባል አግብተው ሰባቱንም በሳንባ በሽታ የቀበሩ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። እሱ የከሰሰው አቧራውን ነው፤ አቧራውም ነጻ አልነበረም። በ1879 ሄርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሽኔበርግ ቆፋሪዎችን አስከሬን መርምረው በሽታው የሳንባ ዕጢ መሆኑን አረጋገጡ። ያኔ ራዶን አልታወቀም፤ ጨረራ ራሱ አልታወቀም። በ1898 ማሪና ፒየር ኩሪ ፖሎኒየምንና ራዲየምን ያገኙት ከዮአኪምስታል ከመጣ ጥቁር የዩራኒየም ማዕድን ነው። ፖሎኒየም ለሳይንስ ከመታወቁ ከ300 ዓመት በፊት ጀምሮ በእነዚያ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ሲተኩስ ኖሯል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩራኒየም ለቦምብ ሲፈለግ ታሪኩ ተደገመ፤ በምሥራቅ ጀርመን፣ እንዲሁም በአሜሪካ ምዕራብ፣ የናቫሆ ተወላጆች በብዛት በሠሩባቸው ጉድጓዶች። አውሮፓ ውስጥ አደጋው ከታወቀ በኋላ የተደገመ ስለሆነ ይህኛውን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። የአሜሪካ ምክር ቤት የካሳ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው። ተመራማሪዎችም የቆፋሪዎቹን ዕጢ ይዘው የራዶንን አሻራ ፈለጉ። በ1994 ከ52 የዩራኒየም ቆፋሪዎች ዕጢ በ16ቱ ቲፒ53 ላይ፣ 249ኛው ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይነት ለውጥ ተገኘ የሚል ጥናት ወጣ። ወንጀለኛው ፊርማውን ትቶ ሄዷል ተባለ። በሌሎች ቆፋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን አላገኙትም፤ ፊርማ የተባለው ፊርማ ሆኖ አልቀረም። ዛሬም አንድ ሐኪም የአንድን ሰው ዕጢ አይቶ “ይህ ከራዶን የመጣ ነው” ሊል አይችልም።

ነገሩ የቆፋሪዎች ብቻ አለመሆኑን አሜሪካ የተረዳችው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። በዲሴምበር 1984 ስታንሊ ዋትራስ የተባለ መሐንዲስ በፔንሲልቬኒያ በሚገነባ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲሠራ የጨረራ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ይጮህበት ነበር። ከሥራ ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ! ቤቱ ሲለካ 2,700 ፒኮኩሪ ገደማ ተገኘበት፤ የአክስቴን ቤዝመንት 500 እጥፍ። ጨረራውን ከቤቱ ወደ ኑክሌር ጣቢያው ይዞ እየሄደ ነበር። ቤተሰቡ ወጣ፤ ቤቱ ተስተካከለ፤ ተመልሰው ገቡበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1988 ራዶንን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል መደበው።

ታዲያ አክስቴ ምን ያህል ይፍሩ? በ2005 የታተመና ከአውሮፓ 13 ጥናቶችን፣ ከ7,000 በላይ የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን ያጠቃለለ ሥራ አለ። በዚያ መሠረት ለረጅም ጊዜ በሚኖሩበት ቤት በየ100 ቤከረሉ የሳንባ ካንሰር ዕድል በ16 በመቶ ይጨምራል። ይህ በመቶኛ ሲነገር ያስደነግጣል፤ በሰው ሲቆጠር ይረጋጋል። ጨርሶ ካላጨሱ 1,000 ሰዎች መካከል ራዶን በሌለበት እስከ 75 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት 4 ያህል ናቸው፤ በ400 ቤከረል 7። ከሚያጨሱ 1,000 ሰዎች ግን ራዶን በሌለበት 100፤ በ400 ቤከረል 160። ሲጋራው አስቀድሞ በቋጠሮ የሞላውን ልቃቂት ራዶኑ መጥቶ ይበጥሰዋል። ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጦ እያጨሰ ስለ ራዶን የሚጨነቅ ወዳጅ ያለው ሰው የትኛውን ቀድሞ እንዲተው ሊነግረው ይችላል። ያም ሆኖ በአሜሪካ በየዓመቱ በራዶን ሰበብ ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት 21,000 ሰዎች 2,900ዎቹ ሲጋራ በአፋቸው ያልዞረ ናቸው።

መፍትሔው እንዲህ ላለው ጠላት የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ሁለት ሠራተኞች መጡ፤ የቤዝመንቱን ኮንክሪት በአንድ ቦታ በሱት፤ ከሥሩ ጥቂት አፈርና ጠጠር አወጡ፤ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ተከሉበት። ቱቦው በግድግዳው ወጥቶ ከጣሪያው በላይ ይደርሳል፤ መሐል ላይ ሌት ተቀን የሚዞር ፋን አለው። ፋኑ ከወለሉ ሥር ያለውን አየር ይስባል፤ ራዶኑም ቤት ሳይገባ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስንጥቁን ደፈኑ። ዋጋው እንደ ቤቱ ከ1,000 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። ከቱቦው ጎን ባለ ቀለም ውሃ የያዘች ጎባጣ ብልቃጥ ተለጥፋለች፤ የግራና የቀኝ ውሃዋ እኩል ከሆነ ፋኑ ቆሟል ማለት ነው። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ እሷን ያያሉ። ሁለተኛው ምርመራ 0.8 አለ።

“ያለፈው ዘጠኝ ዓመትስ?” ብለው ጠየቁ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አይቻልም። ጉዳት መድረሱን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ቱቦው ትናንት የተቋጠረውን አይፈታም። በቆፋሪዎቹ ላይ እንደታየው ግን ጨረራው ከቆመ በኋላ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። አክስቴ አጭሰው አያውቁም። ይህንኑ ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና እንዝርታቸውን አነሱ።

ቤዝመንት የምትኖሩ፣ የምታከራዩም ሆነ የምትከራዩ፣ መመርመሪያው በሃርድዌር መደብር ከ20 ዶላር ብዙ በማይርቅ ዋጋ ይሸጣል። ምርመራው ከመጀመሩ 12 ሰዓት በፊት መስኮትና በር ዝጉ። ከወለል ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት። ከተቻለ ቤቱ በሚሞቅበት በብርድ ወራት ይሁን። ተከራይ ከሆናችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻውን ውጤት በጽሑፍ ጠይቁ። ቱቦ የተተከለበት ቤትም በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይመረመራል።